ኳንተም ይዘን ሽምግልና ሄድን

በዚህ ዓለም ላይ ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለልጅቷ አባት የሚነገርና የማይነገር። ሾፌር ነው ሲባል አባት መኪናውን ያስባል። ነጋዴ ነው ሲባል ሱቁን ያስባል። አስተማሪ ነው ሲባል እንኳ፣ ደመወዙን አስቦ ትንሽ ቢያዝንም፣ ቢያንስ የሚያዝንበትን ያውቃል። ታዲያ ሥራው ከነጭራሹ ለዓይነ ሕሊና የማይመጣ ያልታደለ ሰው ማንን ሽማግሌ ይልካል? እኔን ይልካላ!

የእህቴ ልጅ ናትናኤል ጂንካ ተወልዶ፣ ጂንካ ተምሮ፣ ዛሬ ባሕር ማዶ የማይክሮዌቭ መሐንዲስ ነው፤ ያውም ኳንተም ኮምፒውተር በሚሠራበት ላብራቶሪ። ሕይወት ከምትባል የሰፈራችን ልጅ ጋር ከትምህርት ቤት ጀምሮ ይዋደዳሉ። ችግሩ አባቷ አቶ ተሰማ ናቸው። አቶ ተሰማ ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በሱቃቸው ደጅ ሳያልፍ የሚውል የጂንካ ሰው የለም፤ አላፊው ሁሉ ደግሞ ጠያቂ ነው። አማችዎ ምን ይሠራል ስባል የምመልሰው ካጣሁ ልጄን አልሰጥም ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ይባስ ብሎ ልጅቷን ለትዳር የሚጠይቅ ሌላ ሰው መጥቷል፤ ባለ አይሱዙ ነው። የባለ አይሱዙ ሥራ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ደጅ ላይ ቆሞ ይታያል።

እህቴ ተጨንቃ ተጨንቃ ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች። እኔ የስልክ ማማ ቴክኒሻን ነኝ። ድምፅ ከጂንካ ወደ ካኮ፣ ከዚያም ወደ ወይጦ የሚያሻግሩትን የማይክሮዌቭ ሰሃኖች ፊት ለፊት አስተያይቶ ማቆም የኔ ሥራ ነው። አንተም ማይክሮዌቭ እሱም ማይክሮዌቭ፣ ካንተ በላይ ማን ያስረዳልናል አለችኝ። ይህ እንግዲህ በግና በሬ ሁለቱም ሣር ይበላሉና በበጉ እንረስ እንደማለት ነው። ግን ሲሞገስ እምቢ የሚል ማን አለ? ሳምንቱን ሙሉ ለናትናኤል እየደወልኩ ተማርኩ።

እሁድ ረፋድ ላይ ሁለት ሆነን ሄድን፤ ሦስተኛችን ወይጦ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ቀረ። አፈ ጉባኤያችን ጋሽ ማርቆስ ነበሩ፤ የከተማውን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ የአሪ ሰው፣ ጡረተኛ መምህር፣ ጉልበታቸው እንጂ ድምፃቸው ያላረጀ። ገና እንደገባን ተቀመጡ ተባልን። ጋሽ ማርቆስ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እንደ ወጉ፣ "እሺ ሳንባል አንቀመጥም" አሉ። አቶ ተሰማም እንግዲያው ልጁ ምን እንደሚሠራ ንገሩኝና እናያለን አሉ። ጋሽ ማርቆስ ወደ እኔ ዞሩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ምነው ያን ጉሮሮ ያኔ በዘጋው!

ማይክሮዌቭ ስል የአቶ ተሰማ ፊት በራ። ያቺ ምግብ የምታሞቀዋ ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሞገዱስ የሷ ዘመድ ነው፤ ልጃችን ግን ቀን ከሌት የሚደክመው አንድ ነገር እንዳይሞቅ ነው አልኳቸው። የበራው ፊት ጠፋ።

በኮምፒውተሩ እንብርት ያለችው ነገር፣ አልኩ ቀጥዬ፣ ጥቂት ሙቀት ወይ ግርግር ከደረሰባት የያዘችውን ሁሉ ትጥላለች። ስለዚህ ከብርድ ሁሉ በከፋ ብርድ ውስጥ ትቀመጣለች። ከአሪ ተራራ ብርድ ይብሳል ወይ አሉ። በከዋክብት መሃል ካለውም ብርድ ይብሳል አልኩ። "ታዲያ በምን ያናግሯታል?" አሉ ከልባቸው። ይኸውላችሁ፣ የማይክሮዌቭ መሐንዲስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው! እጅ አይገባባት፣ ድምፅ አይገባባት፤ የሚያናግራት ቀጭን ሞገድ ነው። እሱም እንዳሻው አይገባም፤ የውጭውን ሙቀትና ጫጫታ ይዞባት እንዳይወርድ በየደረጃው ኃይሉን ይቀንሱለታል። "ልክ እንደ ሽምግልና ነው" አልኩ፤ ምሳሌው የራሴ ነው፣ ናትናኤል የለበትም። ጎረምሳው ካላገባኋት እሞታለሁ ብሎ ለእናቱ ይጮሃል፤ እናት አለስልሳ ለወንድሟ፣ ወንድም አለስልሶ ለጋሽ ማርቆስ፤ እዚህ ሲደርስ "ልጃችሁን ለልጃችን" የምትል ጨዋ ቃል ብቻ ትቀራለች። አቶ ተሰማ ፈገግ አሉና ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ብለው ደገፉኝ።

ማቆም የነበረብኝ እዚህ ጋ ነበር። ነገር ግን ሰው ገባኝ ሲለው ማስረዳቱን የሚተው ቴክኒሻን ገና አልተወለደም። ስለ መልሱ ቀጠልኩ። ያቺ ነገር እስክትጠየቅ ድረስ እሺም እምቢም ሆና ትቆያለች፤ ስትጠየቅ ግን ከሁለቱ አንዷን ይዛ ትወጣለች፤ መልሷ ከወጣ በኋላ እንዳልወጣ ማድረግ አይቻልም። መልሷም እጅግ ደካማ ስለሆነ ማጉያ ያስፈልገዋል፤ ማጉያው የራሱን ጫጫታ ከጨመረበት ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ወደ ራሴ ሰሃኖች ዞርኩና ዝናብ ሲጥል ወይጦ ላይ የሚደርስብኝን መዘርዘር ጀመርኩ። አቶ ተሰማ በመስኮት ወደ ውጭ አየት አደረጉ። አይሱዙ የሚፈልጉ መሰለኝ። የልጁ ትዳር ምላሴ ላይ ተጭኗል፤ ምላሴ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደተበጠሰበት መኪና አልቆም ብላለች። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

ይህን ጊዜ የጋሽ ማርቆስ ጉልበት ከዳቸው። ከኋላቸው ባለው ሶፋ ላይ ዘፍ አሉ።

የሕይወት እናት ወይዘሮ አስካለ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ነበር። ማብራሪያዬን መስማት ከተዉ ቆይተዋል፤ ዓይናቸውን ግን ከሽማግሌዎቹ ላይ አልነቀሉም። እሺ ሳንባል አንቀመጥም ያሉት ሽማግሌ ተቀመጡ። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ምን ማለት ነው? እሺ ተባለ ማለት ነዋ! እልልታቸውን አቀለጡት።

የጎረቤቷ ሴት ከአጥር ማዶ ተቀበለቻቸው፤ ከሷ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ሌላዋ፣ ወሬው ያለ አንዳች ሰሃን ገበያው ድረስ ደረሰ። እኔ ዕድሜዬን በማማ ላይ የፈጀሁት ለምንድን ነው? ጎረቤቱ ግር ብሎ ገብቶ የአቶ ተሰማን እጅ እየጨበጠ እንኳን ደስ ያለዎት ይላል። እሳቸው ገና ምንም አልተነፈሱም! ጋሽ ማርቆስ ጉልበቴ ነው፣ ጉልበቴ ነው እያሉ ለመነሳት ይታገላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው።

ከዚያ ሕይወት ከጓዳ ወጣች። እየሳቀች ታለቅሳለች። አባቷ ላይ ተጠመጠመችና አንገታቸው ሥር ተሸሸገች። አቶ ተሰማ ምን ያድርጉ? እንዲህ ደስ ብሏት አይተዋት የሚያውቁ አይመስሉም። ራሷን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ለምን እዋሻለሁ። በመጨረሻ ወደ ጋሽ ማርቆስ ዞረው በለሆሳስ "ተቀምጠዋል፤ ይቀመጡ እንግዲህ" አሉ። ይኸው እሺታቸው።

አቶ ተሰማን ዛሬም አላፊው ሁሉ አማችዎ ምን ይሠራል ይላቸዋል። እኔ እንኳ ያቺን የሽምግልና ምሳሌዬን ይነግሩልኛል ብዬ ነበር። የት አባቱ! ጣታቸውን ወደ ማማዬ ቀስረው፣ ሂድ እሱ ያስረዳሃል ይላሉ። ጠያቂው ጥቂት እንደራቀ ግን አንጀታቸው አይችልም፤ መልሰው ይጠሩታል። የሐመር ሰው በሄደበት ሁሉ የማይለያትን ያቺን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ያስታውሱታል፦

"በርኮቶ ይዘህ ሂድ።"