የወረቀት ጉማሬ ያስታረቅሁ ዕለት

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትሆን የቀረችኝ ዕድሜ እዚሁ ትቆረጥ። የቀረህ ጥቂት ስለሆነ መሐላህ ርካሽ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ልክ ናችሁ፤ ግን ስሙኝ።

ሽምግልና ክፉ ልማድ ነው። ሠላሳ ዓመት ባልና ሚስትን፣ ጎረቤትና ጎረቤትን፣ አንድ ጊዜም አንድ ሰውዬና በሬውን ያስታረቀ ሰው፣ ጠብ ባየ ቁጥር ምላሱን ይበላዋል። አንተም ትንሽ ተው፣ አንቺም ትንሽ ተዪ ማለት ያምረዋል። ማንም ተጎድቶ አይሂድ፤ ሕጋችን ይኸው ነው። ለሰው ይሠራል። ለጉማሬ አይሠራም።

ሰናይት ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ ናት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት የውጊያ ጨዋታ ስትፈጥር ሁለት ዓመት ከረመች። ተጫዋቹ አንድ ጀግና ይሆንና ዳይስ፣ ከአንድ እስከ ስድስት የተቆጠረውን ጠጠር፣ ይጥላል፤ የወጣው ቁጥር የጠላትን የጋሻ ቁጥር ከደረሰ መታ፣ ካልደረሰ ሳተ። የመታ ከጠላቱ ዕድሜ ላይ ይቀንሳል፤ ዕድሜው ያለቀ ይሞታል። ቅዳሜ ባህል አዳራሽ ሰፈር ለሚሰበሰቡ ወጣቶች ልታሳይ ነው፤ ከወደዱት በየሳምንቱ ሊጫወቱት፣ ካልወደዱት ግን ወረቀቶቿን ገልብጣ ጀርባቸውን ለኮፒ ልትጨርሰው ቆርጣለች።

“ጋሼ ደምሴ፣ እስቲ ይሞክሩልኝ” አለችኝ።

ዓሣ አጥማጅ ሆንኩ። ሐይቁ ዳር ጉማሬ ገጠመኝ። የሁለታችንም ጋሻ አራት፣ ዕድሜያችን ዐሥር፣ የአንድ ምት ጉዳት ሦስት። ጉማሬው አራት ጊዜ አከታትሎ መታኝና ሞትኩ። በዚህ ሽበት፣ በወረቀት ጉማሬ፣ ያውም ደንበኞቿ እያዩ።

ተናደድኩ ማለት ነውር ስለሆነ “ሕጉ ይስተካከል” አልኩ። የእኔ ጋሻ ስድስት ይሁን። ጉማሬው እንዳያኮርፍ የእሱም ስድስት ይሁን። ጉዳቱም ከሦስት ወደ አንድ ይውረድ፤ መጎዳዳት ለማን በጀ?

ሰናይት እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። “ጋሼ፣ ጋሻው ከከበደ ምቱ መበርታት አለበት። ጋሻውን አክብደን ምቱን ካቀለልን ውጊያው አያልቅም።”

“ልጄ፣ እኔ የስንቱን ጠብ ጨርሻለሁ” አልኳት።

ትልቅ ሰው እምቢ አይባልም። ጻፈችው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ እንደ ክብር እንግዳ ፊት ተቀመጥኩ። አንድ ልጅ ጉማሬውን፣ አንዲት ልጅ ዓሣ አጥማጁን ሆነው ጀመሩ። ሳተ። ሳተች። ሳተ። ስድስት ካልወጣ ምት የለም፤ ቢወጣም ከዐሥር ላይ አንዲት ብቻ ትነሣለች። ዳይሱ ከመጣል ብዛት ማዕዘኑ አልቆ እንደ ብይ ድቡልቡል አለ። አጠገቤ ያለ ጎረምሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “አባባ፣ እነዚህ እየተዋጉ ነው እየተመራረቁ?” አለኝ። ሰው አንድ በአንድ ወጣ። ጉማሬው ገና ዘጠኝ ዕድሜ ነበረው።

አንዱ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ጠየቀ።

“እኔ ነኝ” አለች ሰናይት። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

ያኔ በምርኩዜ ተደግፌ ተነሣሁና፣ “የለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ነግራኝ ነበር” አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሱቋ እሄዳለሁ። ወንበር ታቀርብልኛለች፤ “እንደምን አደሩ ጋሼ” ትለኛለች። የምለው ሲጠፋኝ መታወቂያዬን ኮፒ አስደርጋለሁ፤ እስካሁን ያስደረግሁት ለሐዋሳ ሕዝብ በሙሉ ይዳረሳል። ትናንት አንዱን ቅጂ ገልብጬ ባየው፣ ጀርባው ላይ ጉማሬው አለ።

መሐላዬን አልረሳሁም። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ ያን ቅዳሜ ከወንበሬ አልተነሣሁም።