ዝርዝሩ ይከተላል

ቶሎ የደረሰ መልእክትና ቶሎ የደረሰ እንግዳ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቤቱ ሳይጠረግ ይገባሉ። አትስማሙም? በያዛችሁት ሞባይል «ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ» እያላችሁ ስትበሳጩ አያችኋለሁ። እኔ ግን መንቀራፈፍን በደመወዝ የሠራሁ ሰው ነኝ!

ስልክ ወደ ወረዳዎቹ ባልዘለቀበት ጊዜ ቦንጋ በአንድ መሥሪያ ቤት የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ስናገር ሦስቱ የወረዳ ጣቢያዎች፣ ደካ፣ ሺሺንዳና ቢታ ገነት፣ እኩል ይሰሙኛል። ደንቡ ግን ሦስቱም «ተቀብያለሁ» ካላሉ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አይታለፍም ነበር። ሺሺንዳ ወዲያው ይቀበላል። ቢታም ይቀበላል። ደካ ግን... ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የደካው ጋሽ ወልዴ እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ ዶሮ ሆኖ፣ መልሶ እስኪጥል የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። እያንዳንዷን ቃል በቁም ጽሕፈት ይጽፋሉ። ከዚያ «ይደገም!» ይላሉ። ሁለቱ ጣቢያዎች እጃቸውን አጣጥፈው እሳቸውን ይጠብቃሉ።

በኋላ አዲስ አለቃ መጣልን፤ አዲስ አበባ ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ።

«እህቴ፣ በዚህ አያያዝ የጥቅምት መልእክት ለፋሲካ ይደርሳል! ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ ዋናውን ብቻ ለሁሉም ትለቂያለሽ፤ ቀንና ቦታ። ዝርዝሩ በሚቀጥለው ተራ ይከተላል።»

«ዋናው ነገር ራሱ ምክንያቱ ቢሆንስ?» አልኩት።

«ምክንያት ዝርዝር ነው።»

ሠራ! የስብሰባ ጥሪ በአንድ ቀን ሦስቱም ጋ ይደርስ ጀመር። ሰዎቹ ለምን እንደሚሰበሰቡ ባያውቁም ይመጣሉ።

በዚያው ሰሞን ከወሎ ተመድቦ የመጣ አንድ መምህር፣ ሽማግሌ ሊልክብኝ ቆረጠ። ዕድሜዬን አልነግራችሁም፤ እናቴ መጠየቅ ከተወች ቆይታ ነበር፣ ይበቃችኋል። መምህሩ ዝውውር ደርሶታል፤ በሳምንቱ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ እሁድ ጠዋት ቦንጋ አጎቴ ቤት ይመጣሉ፤ አባቴ ያሉት ደግሞ ቢታ ገነት። አባቴ ካልደረሱ ሽማግሌዎቹ የሚያናግሩት የለም፤ ሰውየውም ሄደ ማለት ነው።

አስፈቅጄ ዓርብ ዕለት መልእክቴን ለቀቅኩ። ምክንያቱን አብሬ ልናገረው እችል ነበር። ግን ሦስት ጣቢያ እየሰማ «ላገባ ነው» ለማለት አፌ አልደፈረም፤ በደንቡ ተከለልኩ።

«አባቴ እሁድ ጠዋት ቦንጋ አጎቴ ቤት ይድረሱ። ሁሉም ደህና ነው፤ አይደንግጡ። ዝርዝሩ ይከተላል።»

«ተቀብያለሁ» አለ የቢታው ሠራተኛ። ድምፁ ቀዘቀዘብኝ። እናንተማ ገብቷችኋል... በአገራችን መርዶ የሚነገረው እንዴት ሆነና! እኔ ግን አልገባኝም።

ቅዳሜ ዝርዝሩን ልቀጥል ስል ከእኔ ተራ የሚቀድም የክትባት ዘመቻ መመሪያ ነበረ። ጋሽ ወልዴ «ይደገም» አሉ። ደገምኩ። አራተኛው ድግግሞሽ ላይ የሬዲዮው ባትሪ አለቀ። ምን ቸገረኝ፣ ምክንያቱን ሲመጡ ይሰማሉ አልኩ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ አጎቴ ሳሎን ነጭ በነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። ከታች ከመንገዱ የአይሱዙ ድምፅ መጣ፤ ከድምፁ ጋር ዋይታ! የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ዋይታውን እንደሰማ ነፋው... እሱም እንደ አለቃዬ ዝርዝሩን ለበኋላ የሚያቆይ ሰው ነበር። ሰፈርተኛው ነጠላውን ዘቅዝቆ ወጣ። አጎቴ እንኳ ማን እንደሞተባቸው ሳያውቁ ማልቀስ ጀመሩ።

አባቴ ከመኪናው ወርደው በር ላይ ቆሜ አዩኝ። ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። አባቴን ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ሰው ሳይሞት ሁሉም ደህና ነው ይባላል?! ‹አይደንግጡ› ብለሽ እናትሽ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም!»

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌታዬ፣ እኛ እንኳ ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነበር የመጣነው። ጊዜው ካልሆነ...»

የአባት ወግ እንደምታውቁት «ከዘመድ ልምከር» ብሎ ሽማግሌን ሦስት ጊዜ ማመላለስ ነው። አባቴም «ከዘመድ...» ብለው ዞር አሉ። ዘመድ በሙሉ አይሱዙው ላይ ተደርድሮ ያያቸዋል!

«ስጣቸው እንጂ!» አለች ታላቅ አክስቴ ከላይ ሆና። «ለልቅሶ የያዝነው ቆጮ ለሠርግም ይሆናል!»

አባቴ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «ከሞት ትዳር ይሻላል፤ ውሰዷት» አሉ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ አፍስሼ ባል ለቀምኩ።

ሰኞ ባትሪው ተሞላ። ደንብ ደንብ ነው፤ የተጀመረ መልእክት ይጨረሳል። ሦስቱንም ጠርቼ «ዝርዝር፤ አባቴ እሁድ የተጠሩት ሽማግሌ ስለመጣልኝ ነው። ተፈቅዷል» አልኩ።

ሺሺንዳ «ተቀብያለሁ፣ እልል!» አለ። ቢታ «ተቀብያለሁ፤ እኔም አልቅሼልሽ ነበር» አለ።

ጋሽ ወልዴ «ይደገም!» አሉ።

ደገምኩ።

«ይደገም!»

ደገምኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ የደገምኩት ግን ሳይጠይቁኝ ነው።