እንግዳ ያጣው የእንግዳ አቀባበል ሥልጠና

እንግዳ ሲመጣ እንግዳ መቀበልማ ማንም ይችላል። እንግዳ በሌለበት የእንግዳ አቀባበል መሠልጠን ግን ለታደለ አገር ብቻ የሚሰጥ ጸጋ ነው። ሰቆጣ ታድላለች። ጦርነቱ መጥቶ ሄደ፤ መንገድ ተከፈተ ተባለ፤ ተዘጋ ተባለ፤ ደግሞ ተከፈተ ተባለ፤ ጎብኚ የሚባል ፍጡር ግን ብቅ ሳይል አራት ዓመት አለፈ። በአራተኛው ዓመት ጉዳዩ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ተሰብስቦ መከረና የችግሩን ሥር አገኘው። ችግሩ የመንገድ አልነበረም። የሰላምም አልነበረም። የአስጎብኚዎች የክህሎት ክፍተት ነበር።

ይህን ክፍተት ተሸክሞ ሲዞር የኖረው መልሰው ነው። መልሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ሃያ ሁለት ዓመት አስጎብኝቷል። የትኛው ዓምድ በስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኘው፣ የትኛው ደረጃ አዳልጦ የማንን ወገብ እንደቀጨ ያውቃል። ክፍተቱን ግን አያውቅም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሰኞ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ፈንታሁን፣ ከሌላ ዞን ተመድቦ የመጣ፣ ማይክራፎን ባይኖርም ማይክራፎን እንዳለ አድርጎ የሚናገር ጎልማሳ፣ የከተማውን አምስት የቱሪዝም ሠራተኞች ሰብስቦ የአንገታቸውን ባጅ በካርቶን አስለቀመ።

«ከዛሬ ጀምሮ በበይነ መረብ የሚሰጠውን ሥልጠና ጨርሶ ከመቶ ሰማንያ ያላመጣ ባጅ የለውም! ባጅ የሌለው ደግሞ እንግዳ ይዞ ወደ ቅርሱ ዝር አይልም! ዘርፉ በዲጂታል ዕይታ መቃኘት አለበት!»

«ኔትወርኩስ?» አለች በቅሎ አከራይዋ ወይዘሮ ተናኘ።

«እሱ የአመለካከት ችግር ነው።»

የአመለካከት ችግሩ የሚቃለለው ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ጫፍ ላይ ነበር። እዚያ ስልክን ከራስ በላይ ከፍ አድርጎ ፊትን ወደ ምሥራቅ ላዞረ ሰው ኔትወርክ ትገለጥለታለች። ስለዚህ አምስቱ ሠልጣኞች በየማለዳው ዳገቱን ይወጣሉ። ተናኘ ስልክ ስለሌላት ከመልሰው ጋር ትጋራለች። በቅሎዋንም ትጎትታታለች፤ «ሥራ ፈትታ ከምትውል እሷም ትሠልጥን» ትላለች። አንዱ ስልክ ይይዛል፣ ክንዱ ሲዝል ሌላው ይቀበለዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ የመዋኛ ገንዳ ፎጣ እንዴት እንደሚታጠፍና አሳንሰር ውስጥ ከደንበኛ ጋር እንዴት እንደሚቆም ተማሩ። በሰቆጣ አሳንሰርም ገንዳም የለም፤ ሥልጠና ማለት ግን ሰውን ከሌለው ነገር ጋር ማስተዋወቅ ነው። ሲበሳጩ በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ይራገማሉ። ስልኩ ኽምጣኛ ስለማይሰማ ነጥብ አልቀነሰባቸውም።

መልሰውን የጣለው ሥልጠናው ሳያልቅም የሚከፈተው ፈተና ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «እንግዳ ሲደርስ አስጎብኚው አስቀድሞ ምን ያደርጋል?» ሀ፣ ቅጽ ያስሞላል። ለ፣ ፈገግ ይላል። ሐ፣ የተቋሙን ራዕይና ተልዕኮ በማብራራት የደንበኛውን ፍላጎት በተቀናጀና ዘላቂነት ባለው መልኩ ይለያል። መ፣ መልሱ አልተሰጠም።

መልሰው አራቱንም ሁለት ጊዜ አነበባቸው። «ውኃው የታል?»

«የምን ውኃ?» አለች ተናኘ።

«የእግር ውኃ ነዋ! ሰው አቧራ ለብሶ ከመንገድ ሲገባ መጀመሪያ እግሩ ይታጠባል።»

«አንዱን ንካውና እንውረድ፣ መልሰው።»

«እግሩን ሳላጥበው ቅጽ ሙላ ልበለው? እናቴ አትረግመኝም?»

«መ»ን ነካ። ከቀጣዮቹ ጥያቄዎችም አብዛኞቹ እንደዚሁ ነበሩ፤ እነሱም ላይ «መ»ን ነካ። አርባ አመጣ። በሁለተኛው ቀንም አርባ። በሦስተኛው ሙከራ ስልኩ ቀይ ምልክት አሳይቶ «አላለፉም፤ ከሦስት ወር በኋላ ይሞክሩ» አለው። ሃያ ሁለት ዓመት የለፋበትን ሥራ አንድ ስልክ አትችለውም ሲለው መልሰው አፈረ። የምር አፈረ። ጓደኞቹን ትቶ ብቻውን ቁልቁለቱን ወረደ።

የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ «ሥልጠና ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከወረቀቱ ሥር፣ ደረጃው ላይ፣ ጫማቸው በአቧራ የነጣ ሽማግሌ ከጠዋት ጀምረው ተቀምጠዋል። አቶ ምሳው ይባላሉ፤ ከደብረ ማርቆስ የመጡ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሳይሞቱ ፍልፍሉን ቤተ ክርስቲያን ለማየት በሁለት ቀን ሦስት አውቶቡስ ቀያይረዋል። የአራት ዓመቱ እንግዳ መጥቶ፣ አገር እንግዳ መቀበል እየተማረ ስለሆነ የሚቀበለው አጥቶ ተቀምጧል።

መልሰው ከጎረቤት ጆግና ሳፋ ተውሶ መጣ።

«ኧረ ተው፣ ወንድሜ፣ አይገባም!»

«ጫማዎን ያውልቁልኝ፣ ጋሼ።»

እግራቸውን አጥቦ ሲጨርስ አቶ ፈንታሁን ከውስጥ ብቅ አለ። ለካ ቀኑን ሙሉ ውስጥ ነበር። ሽማግሌው ቢሮ እንዲገቡ ሲነገራቸው ነው ሌላው ምሥጢር የወጣው፤ ጠረጴዛው ላይ የኢንተርኔት ሣጥን ሦስት አረንጓዴ መብራት አብርታ ትብለጨለጫለች።

«ኢንተርኔት አለ እንዴ?» አለ መልሰው።

«ለሪፖርት ነው፤ ለሥልጠና አልተፈቀደም» አለ ኃላፊው። «ደግሞ እርስዎ፣ ጋሽ መልሰው፣ ያለ ባጅ እንግዳ ሲያጥቡ ነው የያዝኩዎት።»

«ይሄ ሰው ያስጎብኘኝ» አሉ አቶ ምሳው።

«አይቻልም፣ ጋሼ። ወድቋል።»

«ያለፈውን ጥራልኝ እንግዲያው።»

«አራቱ ገና ጉብታው ላይ ናቸው። ምዕራፍ ሰባት ደርሰዋል፤ “እንግዳን አለማጉላላት” የሚለው ነው።»

«እኔ እኮ ነገ ጎሕ ሲቀድ ተመላሽ ነኝ!»

አቶ ፈንታሁን አሰበ። የሚያስብ ኃላፊ አያሳጣን። «ጋሼ፣ ለምን እርስዎ አይፈተኑም?»

ፈተና ሥልጠና አይደለምና ሽማግሌው እዚያው በቢሮው ኢንተርኔት ተፈተኑ። በሃያ ደቂቃ ከመቶ መቶ አመጡ። «ጥያቄውን እንኳ አላነበብኩትም» አሉ እያፈሩ። «ሠላሳ ዓመት ፈተና ያወጣሁ ነኝ፤ ረጅም ረጅሙን መልስ ነው የነካሁት።» ባጁ ወዲያው ታትሞ አንገታቸው ላይ ዋለ። ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።

«አሁን አስጎብኚ ተገኘ» አለ ኃላፊው። «ችግሩ፣ አስጎብኚ ያለ ጎብኚ መግባት በመመሪያ ክልክል ነው።» ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ መልሰው ላይ አረፈ።

«እኔ? ጎብኚ?»

«የአገር ውስጥ።»

መልሰው ሊሄድ ተነሣ። ግን የሽማግሌውን ፊት አየ፤ በዚህ ዕድሜ ሁለት ቀን የተጓዘን ሰው ከበር መመለስ አልሆነለትም። መዝገቡ ላይ ፈረመ።

የፍልፍሉን ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ የሚይዙት ቄስ ኪዳኑ መልሰውን ከልጅነቱ ያውቁታል። ቢሆንም ከኃላፊው የተላከላቸው ደብዳቤ አለና የአቶ ምሳውን ባጅ አገላብጠው አዩ፣ እሳቸውን አስቀደሙ፣ መልሰውን አስከተሉ።

«ጋሼ፣ ሦስተኛው ደረጃ ያዳልጣል» አለ መልሰው ከኋላ በሹክሹክታ።

«ክቡር ጎብኚ፣ ሦስተኛው ደረጃ ያዳልጣል!» አሉ አቶ ምሳው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እየሳቁ ነበር፤ ዓምዶቹ ጋ ሲደርሱ ግን ሳቁ አለቀባቸው። መልሰው እያንሾካሾከ እሳቸው እየደገሙ ቤቱን ዞሩት። መልሰው የራሱን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ አቡነ ዘበሰማያቱን የተነጠቀ ያህል ተሰማው።

ሲመለሱ ሪፖርቱ ተልኳል፦ የጎብኚ ቁጥር በአንድ ቀን ብቻ በእጥፍ አድጎ ሁለት ደርሷል፤ ይህም የሥልጠናው ፍሬ ነው። አቶ ፈንታሁን ለሁለተኛው ጎብኚ የእርካታ መጠይቅ አቀረበለት። «በቆይታዎ ያጋጠመዎት ጉድለት ካለ ይግለጹ» ይላል።

መልሰው ብዕሩን ተቀብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈ፦ «እግሬን ያጠበኝ የለም።»

ጽሕፈት ቤቱ የጎብኚን አስተያየት ችላ የሚል አይደለም። በማግሥቱ ተጨማሪ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ፦ «ምዕራፍ ስምንት፤ የእንግዳ እግር አስተጣጠብ ዘዴ፣ በበይነ መረብ። አሠልጣኝ፦ መምህር ምሳው፣ ባጅ ያላቸው ብቸኛ ባለሙያ። የግዴታ ሠልጣኝ፦ መልሰው።»