በጋዋን ያለፈ የመጨረሻ ዓመት

የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት እንዴት ማለፍ አለበት? ጎንደር አብሮኝ ጤና ይማር የነበረውን ጌታሁንን ብትጠይቁት መልሱ አጭር ነበር፦ ነጭ ጋዋን ለብሶ! ታዲያ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፒያሳ በጋዋን፣ ሠርግ ቤት በጋዋን፣ የቀበሌ ስብሰባ በጋዋን። «ሰፊው ሕዝብ ሐኪሙን ከወዲሁ ይወቀው» ይለኛል። ሰፊው ሕዝብ የሚለው የጎንደርን ልጃገረዶች እንደነበር መቼም አይጠፋችሁም።

አንድ ቅዳሜ ለመሰነባበቻ ድግሳችን በግ ልንገዛ ማክሰኝት ገበያ ሄድን። በጋዋን ነዋ! አያ ተገኘ የሚባሉ ገበሬ ጋዋኑን ሲያዩ በሬያቸውን እየጎተቱ መጡ።

«አንቱ ሐኪም፣ በሬዬ ማመስኳት ትቷል። ምነው ቢያዩልኝ?»

«እኔ የሰው ሐኪም ነኝ» ማለት ምን ያስቸግራል? ግን ልጃገረዶች እያዩ ነው። ጌታሁን ማዳመጫውን ከኪሱ አወጣና የበሬውን ሆድ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ የሐኪሞች ቦርድ ተሰብስቦ የወሰነ ይመስል «ይድናል» አለ። በሬው፣ ጉድ እኮ ነው፣ እዚያው ቆሞ ማመስኳት ጀመረ!

ስንመረቅ የሥራ ምደባ በዕጣ ሆነ። አዲስ አበባን ሲመኝ የከረመው ጌታሁን ማክሰኝት ጤና ጣቢያ ደረሰው። ጋዋኑን አጣጥፎ ከሻንጣው ሥር ቀብሮ ሄደ። ምን ዋጋ አለው? አያ ተገኘ በሩ ላይ ቆመው «ያ ሸጋ ሐኪም ይኸው መጣላችሁ!» እያሉ በሽተኛ ያሰልፋሉ።

ከተሰላፊዎቹ አብዛኞቹ ቀንዳሞች ነበሩ።