የጋሼ ታደሰ ራት

ቋንቋችን ስለ መጠን ሲጠየቅ በሌላ ነገር ይመልሳል። ውሻው ምን ያህላል? ጥጃ ያህላል። ጥጃውስ? የእነ እገሌን ውሻ ያህላል። እንዲህ እየተባባልን ስንኖር ሰው ሲሳሳት አላየሁም፤ ወይም ሁላችንም አብረን ስለምንሳሳት አይታወቅብንም። እኔ ግን ተጠራጣሪ ነኝ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው ደግሞ ራሴን ነው። ትራም ስሳፈር ቁጥሩን ከፊትም ከጎንም አንብቤ፣ ከገባሁ በኋላ ቲኬት ቆራጩን ደግሜ የምጠይቅ ሰው ነኝ። (ያን ጊዜ ትራም ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበር። ሰው ስለሆነ ስትጠይቁት ይመልስላችኋል።)

ስለዚህ አንድ ሰው የአንድን እንስሳ ክብደትና ዕድሜ ማወቅ ቢፈልግ ከእኔ የተሻለ አጣሪ አያገኝም። ከእኔ የባሰም አያገኝም።

ጠያቂው ጋሼ ታደሰ ነበሩ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሜልቦርን፣ ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ሼር እናደርግ ነበር፤ እሳቸው የፊተኛው ክፍል፣ እኔ የኋለኛው። ቤቱ አሁን ፈርሶ በቦታው ሦስት ቤት ተሠርቶበታል። ጋሼ ፋብሪካ ውስጥ የጠዋት ሺፍት ይሠራሉ፤ ሲመለሱ መንጠቆአቸውን ይዘው ወደ ማሪበርኖንግ ወንዝ ይወርዳሉ። በዚያ ወንዝ ውስጥ ዓሣ እንዳለ የሰማሁት ከሌሎች ሰዎች ነው።

ሆኖም ባዶ እጃቸውን አይመለሱም፤ ወሬ ይዘው ይመጣሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ እንስሳ እየዋኘ ይመጣል፤ ጀርባው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሆዱ ወርቅማ፣ የጭራው ጫፍ ነጭ ቀለም ውስጥ የተነከረ የሚመስል። ከውሃው ሥር ዛጎል ያወጣና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ፈልቅቆ ይበላል። ጢሙን ያብሳል። ይሄዳል። ጋሼ አጠገባቸው የሚያጠምደውን ፈረንጅ ስሙን ሲጠይቁት «ዋተር ራት» አላቸው።

«ራት!» አሉኝ ቤት ገብተው እየሳቁ። «በራት ሰዓት ይመጣል፣ ራቱን በልቶ ይሄዳል፣ ስሙም ራት! እንግሊዝኛም እንዲህ ልክ የሚመጣበት ቀን አለው።»

ራት በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ምክንያት ነበረኝ። በዚያው ሰሞን ከምድጃችን ሥር አንዲት አይጥ ሽው ስትል፣ ጋሼ «አስኩ ይህቺን ብታይ በመጣችበት አውሮፕላን ነው የምትመለሰው» ብለው ነበር። አስኩ ማለት ናዝሬት ያሉት ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ከተለያዩ ዓመታት ሆኗቸዋል። ቪዛ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ያስቸገረው የእትዬ አስካለ ልብ ነው።

ያን ጊዜ ሰው የሚነጋገረው በካሴት ነው። ስልክ ኪስ ያራቁታል፤ ደብዳቤ ደግሞ ድምፅ የለውም። ጋሼ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ቴፑን ይከፍቱና ያወራሉ፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሳልፈልግ እሰማለሁ። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ሐኪሙ፣ በየቤቱ ስለሚወርደው ሙቅ ውሃ ያወራሉ። ከናዝሬት የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እህቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ? በዚህ ዕድሜዬ ኤ ቢ ሲ ዲ ልቆጥር ነው?»

አንድ ቀን ስለ ራት አወሩ። «ዛሬም ራት ብቻውን መጣ፤ ብቻውን ሄደ። አስኩዬ፣ መጥተሽ ብታይው!» ሰው ሁሉ ራትን የሚያውቀው ይመስል ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም። የሚቀጥለው ካሴት ሲመጣ የእትዬ አስካለ ድምፅ ለስለስ ብሏል። «እሺ የኔ ጌታ፣ መምጣቴ ነው። ያንን ራትህን እስክመጣ ደህና አድርገህ ጠብቅልኝ።»

ጋሼ ካሴቱን ደጋግመው ሰሙት። ከዚያ በሬን አንኳኩ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እንስሳ ስንት ዓመት ይኖራል? ቪዛው ዓመት ከምናምን ይፈጃል ብለውኛል። አስኩን ያስነሳት እሱ ነው። መጥታ ብታጣውስ?»

ላይብረሪ ሄድኩ። አንድ ወፍራም የእንስሳት መጽሐፍ ውስጥ «ዋተር ራት» የሚለውን ስፈልግ ወደ ሌላ ገጽ መራኝ፤ እዚያ አንድ ክብ ፊት ያለው ፍጥረት ተቀምጧል። ቁመቱ ስንዝር ገደማ፤ ክብደቱ ቢበዛ ሦስት መቶ ግራም፤ አብዛኛው አንድ ክረምት እንኳ አያልፍም፤ እጅግ የታደለው ሁለት ዓመት ቢኖር ነው። ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው።

ጋሼ ሲሰሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አንድ ክረምት አያልፍም?»

«አብዛኛው፣ ጋሼ። ሁሉም አይደለም።»

«የማን አገር ክረምት? አምና ሰኔ አውቀዋለሁ፣ ዘንድሮም ሰኔን ይኸው አለፈ!»

ልብ በሉ፤ የሜልቦርን ብርድና የእኛ ክረምት በአንድ ሰሞን ነው የሚገቡት። ይህ አገር ከእኛ ጋር የተስማማበት ነገር እሱ ብቻ ነው እንል ነበር። የመጽሐፉ ክረምት ግን በረዶ ነበረበት። ማሪበርኖንግ ላይ በረዶ! ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ በማግስቱ ተመለስኩ። ያነበብኩት ስለ እንግሊዙ ኖሯል። ጭራው አጭር ነው፣ ሣር ይበላል፣ የራሱም ሌላ ስም አለው፤ እንግሊዞች በልማድ ነው ዋተር ራት የሚሉት። በአማርኛ ሳስበው ሁለቱም የውሃ አይጥ ናቸው፤ ሁለት መሆናቸውን ማን ይንገረኝ? የእኛው በአውስትራሊያ መጽሐፍ ተገኘ። እስከ ኪሎ የሚመዝን፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ ክንድ የሚያልፍ፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት የሚኖር።

«አራት በል» አሉ ጋሼ።

«ሦስት ወይም አራት ነው የሚለው።»

«አራት በል አልኩህ!»

«ግን እኮ ጋሼ፣ ሲያገኙት ስንት ዓመቱ እንደነበር አናውቅም።»

«አንተን ሰው ሲደሰት ያምሃል?»

አመመኝ መሰለኝ፣ አላቆምኩም። «ጋሼ፣ ራት ማለት በእንግሊዝኛ…»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ይህን ያህል ዘመን ፋብሪካ ሠርቼ ራት ምን እንደሆነ ሳልሰማ የቀረሁ መሰለህ? ካሴቱ ላይ ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ ተናግሬ አውቃለሁ? መጥታ በዓይኗ ትየውና ትውደደው፤ ስሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አንተም ዝም ብለህ ራት በል።»

ዝም ብዬ ራት አልኩ።

እትዬ አስካለ ዓመት ከምናምን ቆይተው በጸደይ መጡ። በመጡ በሦስተኛው ቀን፣ ነጠላቸው ላይ የጋሼን ጃኬት ደርበው፣ ሦስታችንም ወንዙ ዳር ሄድን። ጋሼ ድንጋዩ ፊት ለፊት አስቀመጡን። ውሃው ተሰነጠቀ። መጣ። ድንጋዩ ላይ ወጥቶ መብላት ጀመረ።

«ይኸውልሽ» አሉ ጋሼ በሹክሹክታ። «ራት።»

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይሄ አይጥ አይደለም እንዴ?»

«የውሃ ነው።»

«የውሃ አይጥ ነዋ!»

«የእንግሊዙ ሌላ ነው፣ እትዬ፤ ይሄኛው ኪሎ ይሞላል» ብዬ ገባሁ፣ የጠቀምኩ መስሎኝ። የሰማኝ የለም።

እትዬ አስካለ ግን አልሮጡም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ጋሼ ደንግጠው ክንዳቸውን ያዙ። እየሳቁ ነበር።

«ታዴ፣ እኔ እኮ ራት ስትል የምትበላው ራት መስሎኝ! ራት ብቻውን መጣ፣ ራት ብቻውን ሄደ ስትለኝ፣ ይሄ ሰው ብቻውን እየበላ አእምሮውን ሳተ አልኩ። ለእህቴ አሰማኋት። ሳይብስበት ድረሺለት ብላ እያለቀሰች ነው ሻንጣዬን ያሰረችልኝ።»

«አላበድኩም እኮ፣ አስኩ» አሉ ጋሼ ታደሰ።

«እሱንማ አየሁት» አሉ እትዬ አስካለ ዓይናቸውን እያበሱ። «ጤነኛ መሆንህን ባውቅ መች እመጣ ነበር!»