ሊቀ ወደብ ቨርን እና ባዶዎቹ ወንበሮች

በምድር ላይ ቴሌቪዥን እስካለ ድረስ «ድራማስ ድሮ ቀረ» የሚል ሰው አይጠፋም። ፈጣሪ ለየከተማው አንዳንድ አድሏል። እኛን በአሜሪካ የምንገኝ የሚልዋኪ ከተማ ሰዎችን ግን አብዝቶ ሊባርከን ሲሻ ሊቀ ወደብ ቨርን ኮዝሎቭስኪን ሰጠን።

ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። መንግሥት የሚያውቃቸው በጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛነት ነው፤ እሳቸው ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «የስድስተኛው ወደብ ሰው ነኝ» ነው የሚሉት። «ስድስተኛው ወደብ» በልጅነታችን ይታይ የነበረ ተከታታይ የጠፈር ድራማ ነው። በከዋክብት መሀል በተንሳፈፈው በዚያ ወደብ ገንዘብ የለም፣ በር ላይ ቁልፍ የለም፣ መሣሪያ የለም። ጠብ ሲነሳ ሁሉም ረጅሙን ጠረጴዛ ከቦ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪስማማ ድረስ ይነጋገራል። ትናንት ወደቡን በእሳት ሲደበድብ የዋለ ጠላት እንኳ ዛሬ በሩ ላይ ቢቆም የሚባለው አንድ ነገር ነው፦ «ወንበር አለ።»

ከዓመታት በኋላ ድራማው ለአዲስ ባለቤቶች ተሸጠና እንደገና ይሠራ ጀመር። መጀመሪያ አንዲት ቁልፍ ገባች። ቁልፍ ካለ ሌባ ያስፈልጋልና ሌባ መጣ፤ ለሌባው ሽጉጥ፣ ለሽጉጡ ጦርነት ተፈለገለት። አሁን በደረሰበት ረጅሙ ጠረጴዛ ተገልብጦ ምሽግ ሆኗል። የወደቡ አዛዥም የገዛ እናቱን ለጠላት ሸጦ ሲያበቃ፣ እንድናዝንለት ዝናብ ላይ ቆሞ ይንሰቀሰቃል። ጠፈር ላይ ዝናቡ ከየት መጣ ብለው የጠየቁት ሊቀ ወደብ ብቻ ናቸው።

«ይሄ የኛ ወደብ አይደለም» ይላሉ። ስለ ድራማው ብቻ መሰላችሁ? የሰፈሩ ዳቦ ቤት ቀለም ሲቀባም፣ የጥርስ ሐኪማቸው ሲቀየርም ያሉት ይህንኑ ነው። ያውም አፋቸውን እንደከፈቱ።

የድራማው ወዳጆች ማኅበራችን እሁድ ከሰዓት በኋላ ከቦውሊንግ መጫወቻው ጀርባ ባለች አዳራሽ ይሰበሰባል። በእጃችን የሰፋናቸውን ሰማያዊ የወደቡ ልብሶች ለብሰን፣ ቋሊማችንንና ድንቻችንን ይዘን እንመጣለን። ሕጋችንም የወደቡ ሕግ ነው፤ ሁሉም ካልተስማማ ምንም አይጸድቅም። በዚህ ሕግ ስንተዳደር ለዓመታት አንድም ነገር ወስነን አናውቅም፤ ፍቅራችንም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አንድ እሁድ ሊቀ ወደብ ተነሱና አዲሱን ድራማ የወደደ አባል ይባረር አሉ።

«ሁሉም መስማማት አለበት እኮ» አልኳቸው።

«አዲሱን የወደደ ሰው ወደቡን ትቶ ሄዷል። የሄደ ሰው ደግሞ ድምፅ አይሰጥም» አሉኝ።

ሰው በተባረረ ቁጥር መስማማት እየቀለለ ሄደ። በመጀመሪያ የአዲሱን ሙዚቃ ያንጎራጎረ ተባረረ። እኔ ሰባተኛውን ክፍል «አይከፋም» ብዬ ተባረርኩ። ባለቤታቸው ሎሬንም አዛዡ ሲንሰቀሰቅ እንባዋን ስትጠርግ ተያዘች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ እኮ ነው» አለች።

«ሽንኩርቱን የከተፍሽው እንባው ከመጣ በኋላ ነው» አሉ።

መኪና የምትነዳው እሷ ስለሆነች ከተባረረችም በኋላ ወደ ስብሰባቸው የምታደርሳቸው እሷው ናት። በመጨረሻ ከእሳቸው በቀር ሁላችንም ተባረርን፤ ሌላ መሄጃ ስላልነበረንም እዚያችው አዳራሽ ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ሊቀ ወደብ ረጅሙን ጠረጴዛ ከነባዶ ወንበሮቹ ወረሱ። «ማኅበሩ እንዲህ ተስማምቶ አያውቅም» ይሉን ነበር ከወዲያ ማዶ።

ታዲያ ባለፈው እሁድ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ቆሙና ራሳቸውን ከሰሱ። ለካ ልብስ ሲያጥፉ አዲሱን ድራማ በጆሯቸው ሰምተው፣ አንዴ ስቀዋል። ሊቀ ወደብ ሐቀኛ ናቸው፤ ያደረጉትን አይደብቁም። ግን ተከሳሽ ድምፅ አይሰጥም፣ ሌላ አባል ደግሞ የለም። ራሳቸውን ማባረርም አልቻሉ፣ ማስቀረትም አልቻሉ። እጃቸውን አወጡ፣ መልሰው አወረዱ።

«ሎሬን፣ ምን ይሻለኛል?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ የተባረርኩ ሰው ነኝ» አለች፣ በቢራ ያቀለጠችውን አይብ እያማሰለች።

ጠረጴዛችን በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ቁጭ አሉና ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል «እኔም ከሄድኩ የመጀመሪያውን ወደብ ማን ያስታውሰዋል?» አሉ።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። አንዲት ሴት የአዲሱን ድራማ ጥቁር ካባ ደርባ፣ የፕላስቲክ ሽጉጥ ታፋዋ ላይ አስራ ገባች። «የስድስተኛው ወደብ ማኅበር እዚህ ነው?» አለች። እኛ ዘንድ መቀመጫ እንደሌለ አይታ በቀጥታ ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ሄደች።

ሊቀ ወደብ ከካባዋ እስከ ሽጉጧ አዩዋት። «የመጀመሪያውን አይተሽዋል?»

ሎሬን ከኋላቸው «አዎ በይ» ለማለት በዓይኗ ጠቀሰቻት። ሴትዮዋ አላየቻትም። «አላየሁትም። እኔ አዲሱን ነው የምወደው» አለች።

አፋቸውን ከፈቱ። ምን እንደሚሉ ሁላችንም ስለምናውቅ አንገታችንን ደፋን። የሰማነው ግን አጠገባቸው ያለው ወንበር ሲጎተት ነው።

«ወንበር አለ» አለ ቨርን።

አንቱታውን እዚህ ላይ አንስቼበታለሁ። ሰው የሚወደውን አንተ ነው የሚለው፤ እኔ ደግሞ ይህን ነዝናዛ ሽማግሌ እወደዋለሁ። ጠፈሩን ሁሉ ሸጠው ለውጠው ሲጨርሱ ያቺ ወደብ የቀረችው እሱ ጋ ነው።

ሎሬን የአይቡን ድስት አንስታ ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ተሻገረች። የተባረርነውም ሳህኖቻችንን ይዘን አንድ በአንድ ተከተልናት። እኔ መጨረሻ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«አንተ ግን ሰባተኛውን ክፍል ወደኸዋል» አለኝ።

«ወድጄዋለሁ።»

«ይሄ የኛ ወደብ አይደለም» አለና አይቡን ወደ እኔ ገፋልኝ።