ማንጎ ዛፍ ላይ የቀረው አስተማሪ

የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሕፃናትን ይወዳል፤ በተለይ ሌላ ሰው ሲጠብቅለት። «የነገ ተረካቢዎች ናቸው» ብሎ በሚያምር ድምፅ ይጸልይላቸዋል፤ ከጸሎቱ መሃል አንዱ ብድግ ብሎ ሲሮጥ ግን «የማን ልጅ ነው ይሄ?» ይላል። እኔም ከሩቅ ከሚወዷቸው ወዳጆች አንዱ ነበርኩ።

ጁባ፣ ሙኑኪ ውስጥ ያለችው የእኛ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን የምታመልከው በኪራይ ግቢ ነው። አዳራሹ የአዋቂዎች፣ ከጀርባው ያለችው የቆርቆሮ ክፍል የሕፃናት። በፈረንጆቹ 2016 ከሆነው ተኩስ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ አዲስ አበባና ወደ ካምፓላ ስለሄደ ክፍሏ ሳሳች። ሽማግሌዎቹ፣ በተለይ ሰብሳቢያቸው ጋሽ ተፈራ፣ ለቀሩት ልጆች ክፍል ከምንይዝ የመዘምራን ዕቃ ማስቀመጫ ትሁን አሉ። አስተማሪዋ እህት ትዕግስት ብቻዋን ተሟገተች። «ጎልማሳ ሆኖ የተወለደ ምእመን አሳዩኝና ክፍሉን እለቃለሁ» አለቻቸው። ነገሩ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሊወሰን ተቀጠረ። ቅዳሜ ግን እሷን ወባ ጣላት።

ደወለችልኝ። እኔ ካስተም ገበያ ጫማ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ሲያለቅሱ ለሚውሉ ሕፃናት ጫማ ስለካ ስለምውል ልጅ ማባበል ያውቅበታል ብላ ሳይሆን አይቀርም። በትኩሳት የምትንቀጠቀጥ ሴት «እባክህ ወንድሜ፣ ነገ ብቻ» ስትል እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል?

እሑድ ክራቫቴን አስሬ ፊታቸው ቆምኩ። የመረጥኩት ታሪክ፣ ጌታን ለማየት ዛፍ ላይ የወጣውን የአጭሩን ቀረጥ ሰብሳቢ ነው። በቁመት ስለምንመሳሰል ደስ ይለኛል። ገና ዛፉ ዘንድ ስደርስ፣ ከፊት የተቀመጠችው አቹል እጇን አወጣች። እናቷ የእኛው አገር ሰው ናት፤ አባቷ ዴንግ አዲስ አበባ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ነው። «ቲቸር፣ ትልቅ ሰው ዛፍ ላይ አይወጣም» አለችኝ። ይወጣል አልኩ። አይወጣም አለች። ይሄ እንግዲህ የእምነት ጉዳይ አይደለም? ሁሉንም ግቢው ውስጥ ወዳለው ማንጎ ዛፍ ነዳኋቸውና ከነክራቫቴ ወጣሁ።

ለመውጣት እልህ ረድቶኝ ነበር፤ ለመውረድ የሚረዳኝ አጣሁ። ሱሪዬን ቅርንጫፍ ያዘው፤ እግሬ የሚያርፍበት ጠፋው። ልጆቹ የታሪኩ ክፍል መስሏቸው በአማርኛም በጁባ አረብኛም «ቲቸር፣ ውረድ! ኢንዚል!» እያሉ ያጨበጭባሉ። የምሬን እንደተጨነቅሁ መጀመሪያ የገባት አቹል ናት። ዝም አሰኘቻቸውና «እንጸልይለት» አለች። ሁሉም አቧራው ላይ ተንበረከኩ።

«ጌታ ሆይ፣ ቲቸር እንዳይወድቅ። እህት ትዕግስትን ከወባ አድናት። ክፍላችንንም አይውሰዱብን።»

ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ዕንባዬ መጣ፤ ሁለቱም እጆቼ ቅርንጫፍ ይዘው ስለነበር መጥረግ እንኳ አልቻልኩም። ቁልቁል ሳይ፣ አምልኮው አልቆ ኖሮ፣ ሽማግሌዎቹ ከልጆቹ ኋላ ቆመዋል። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተዋል። ከሁሉም ጮክ ብለው «አሜን» ያሉት እሳቸው ናቸው።

አቹል ግን በአሜን አላቆመችም፤ ወደ በሩ ሮጠች። አባቷ እሑድ እሑድ እሷን አድርሶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል እንጂ ግቢውን ረግጦት አያውቅም። ዛሬ እጁን ይዛ እየጎተተች አስገባችው። ዴንግ በቁመቱ መሰላል የሚያስፈልገው ሰው አይደለም። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም» አለኝና፣ ከብብቴ ስር ይዞ እንደ ጨቅላ አወረደኝ። እንደዚያ በሰው እጅ ከተነሳሁ ስንት ዘመኔ!

ስብሰባው እዚያው ዛፉ ስር አለቀ። ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ክፍሉ የልጆቹ ሆኖ እንዲቀጥል፣ ተተኪው አስተማሪ ግን ወደፊት መሬት ላይ ሆኖ እንዲያስተምር ወሰኑ።

በቀጣዩ እሑድ እህት ትዕግስት ድና ተመለሰች። ዴንግም መኪናውን ቆልፎ ገባ። የአዳራሹን በር አልፎ ቀጥታ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ሄደና፣ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካ ድረስ ታጥፎ የልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ተፈራ በደስታ እየፈኩ መጥተው፣ የአዋቂዎች ስብከት በዚያ በኩል እንደሆነ በትሕትና ነገሩት። ዴንግ ከአክብሮት የተነሳ ብድግ አለና ከልቡ ጠየቃቸው፦

«ጋሼ፣ እዚያም ሰባኪው ዛፍ ላይ ይወጣል?»